ጸጥ ያለ ወንበር

መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ኖርዌይ

ለተከበሩ አጎቴ ለመሪጌታ ይስማው
ደብረ ኤልያስ

የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? አዲሱ ዓመት ለእርስዎም፣ ለተማሪዎችዎም፣ ለደብሩም የምሕረት ይሁንልን። እኔ በዚህ ቀዝቃዛ አገር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ።

ደብዳቤ መጻፌ እንደሚገርምዎ አውቃለሁ። በዚህ ዘመን ማን ይጽፋል! ግን ለዘመን መለወጫ ደጋግሜ ብደውልልዎ ስልኩን አንስተው «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ኔትወርክ የለም!» ይሉና ይዘጉብኛል። እኔ ደግሞ ከበስተጀርባዎ ተማሪዎቹ ሲያዜሙ፣ አውራ ዶሮው ሲጮህ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ደብረ ማርቆስ ያለችውን ጓደኛዬን የብርጓልን ብጠይቃት «ኔትወርኩማ ሰሞኑን ደኅና ነው» አለችኝ። ተቀይመውኝ ነው እንዴ? እናቴ ካረፈች ወዲህ ዘመድ ብዬ የምጠራው የአጎቷን ልጅ እርስዎን ብቻ ነው። ካጠፋሁ ይቆጡኝ እንጂ አይዝጉብኝ።

አንድ ጥያቄም አለኝ። እዚህ ማታ ማታ ቋንቋ እማራለሁ። አስተማሪዋ ከየቋንቋችን አንድ ቃል አምጥተን እንድናስረዳ አዘዘችን። እኔ «ጸጥታ»ን ወሰድኩ። ለምን እሱን እንደመረጥኩ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ ከዚህ አገር በብዛት ያገኘሁት እሱን ስለሆነ ነው እላት ነበር። ቆሜ ማስረዳት ጀመርኩ። ዝናብ ካባራ በኋላ ያለው ጸጥታ ነው አልኩ። አስተማሪ ጠረጴዛ መትቶ «ጸጥታ!» ይላል አልኩ። ጠብመንጃ የያዙትም የጸጥታ ኃይል ይባላሉ አልኩ። ሰው ሲገደል «ጸጥ አደረጉት» እንደሚባልም ጨመርኩ። አስተማሪዋ ግራ ገብቷት «ታዲያ ጥሩ ነገር ነው ወይስ መጥፎ?» ብትለኝ «አጎቴን ልጠይቅልሽ» አልኳት። እርስዎ ሊቅ ነዎትና ይንገሩኝ።

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ የምሠራው ዓሣ ፋብሪካ ነው። በጾምም በፍስክም ዓሣ ዓሣ እሸታለሁ።

ጉልበትዎን ስሜ
እድላዊት

ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ኤልያስ

ይድረስ ለልጄ ለእድላዊት። ሰላመ እግዚአብሔር ከባሕር ማዶ ተሻግሮ ይጎብኝሽ። ደብዳቤሽ ደብረ ማርቆስ ደርሶ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር እዚያው ሲያንቀላፋ ሰነበተ። የብርጓል ትናንት ይዛው መጣች።

አልተቀየምኩሽም። ኔትወርኩም አልጠፋም። የጠፋው ጆሮዬ ነው።

ይህንን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንቺ የምነግርሽ ሩቅ ስለሆንሽ ነው። ሁለት ክረምት ሆነው። መጀመሪያ የቀኙ ደከመ፣ የግራው ተከተለው። እናትና አባቴ ይስማው ብለው ስም አወጡልኝ፤ ጆሮዬ ግን በስሜ አልተገዛም። ስልክ ስትደውዪልኝ ውኃ ሲወርድ ይመስለኛል እንጂ ቃል አይለይልኝም። ስለዚህ «ኔትወርክ የለም» እላለሁ። በኔትወርክ የማይሳበብ ነገር የለምና ሰው ሁሉ ያምነኛል።

የዜማ መምህር መሆኔን ታውቂያለሽ። ተማሪ ፊቴ ተቀምጦ ያዜማል፤ ሲስት መቋሚያዬን መሬት ላይ እመታለሁ፣ ሲያቃና «እለፍ» ብዬ መቋሚያዬን ከፍ አደርጋለሁ። ሥራዬ መስማት ነው። አሁን የልጆቹን ጉሮሮ አያለሁ። ድምፅ ሲወርድ ጉሮሮ ይወርዳል፣ ሲርገበገብ ይርገበገባል። አርባ ዓመት ያስተማርኩት ስለሆነ በዓይኔ የምሰማ ይመስለኛል። ልጆቹ ካወቁ ግን ይበተናሉ፤ ደንቆሮ የዜማ መምህር ዘንድ ማን ይቀመጣል? ሚስቴን ቀብሬአለሁ፣ ልጅ አልሰጠኝም። እነሱ ሲሄዱ ማን ይቀረኛል?

ስለ ቃሉ ጠይቀሽኛል። አስተማሪሽን እንዲህ በያት። ዝምታ የሰው ነው፣ ጸጥታ የቦታ ነው። ሰው ዝም የሚለው መናገር እየቻለ ነው፤ ቦታ ግን ጸጥ ሲል ሁሉም ነገር አብሮት ነው። አርምሞ ደግሞ የመነኮሳት ነው፤ አንደበታቸውን ዘግተው ለእግዚአብሔር ክፍት የሚያደርጉት። ሕፃን ሲያለቅስ «ጭጭ በል» ነው። ገበያ ሰው ሲጠፋበት «ዛሬ ጸጥ ብሏል» ይላሉ፤ ነጋዴ ይህን ሲል ደስ ብሎት አይደለም። ልጅ ለመዳር የሚጠይቅ ሰው ግን «ጸጥ ያለ ልጅ ነው» ሲባል ደስ ይለዋል። ጉልበተኛ ንጉሥ አገሩን «ጸጥ ለጥ አድርጎ ገዛ» ይባላል። አሁን አሁን ደግሞ መንገደኛ ሲገናኝ እንደምን አደርክ ከማለቱ በፊት «የእናንተ አካባቢ ጸጥታው እንዴት ነው?» ይባባላል። ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ላልሽው፣ ከየት መጥቶ እንደሆነ ሳይታወቅ አይፈረድም።

ገንዘብ አትላኪ። ከቻልሽ ግን ትንሽ ራዲዮ ላኪልኝ። ልሰማው አይደለም። ራዲዮ ጆሮው ላይ የያዘ ሰው ደንቆሮ ነው ተብሎ አይጠረጠርም።

አጎትሽ ይስማው

ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ከሥራ ስመለስ አገኘሁት፤ ካፖርቴን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት። አለቀስኩ፤ ራዲዮው ላይ ስደርስ ደግሞ ሳቅኩ። ራዲዮውን ለአገር ቤት ተጓዥ ሰጥቻለሁ።

እኔም ስለ ራሴ ልንገርዎ። ፋብሪካችን ውስጥ ማሽኑ ስለሚጮህ ሁላችንም የጆሮ መከላከያ እናደርጋለን። ጠዋት አድርጌው እገባለሁ፣ ስወጣ አወልቀዋለሁ። ውስጥ የምንግባባው በእጅ ነው፤ ጣት ወደ ላይ ጨምሪ፣ መዳፍ ወደ ታች ቀስ በይ። ፖላንዳዊቷ አጠገቤ ቆማ ስትሠራ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ድምጿን አላውቀውም። ውጭ ስወጣ ደግሞ መንገዱ በረዶ ነው፤ በረዶ የእግር ኮቴን እንኳ ይውጠዋል። አንዳንድ እሑድ ድምፄ ይኖር እንደሆነ ለማየት ብቻዬን ስሜን እጠራለሁ። እዚህ ስሜን ማንም ሙሉውን አይጠራውም፤ «ኤዳ» ይሉኛል።

እንደ ልጅ ልምከርዎ፤ ለተማሪዎችዎ ይንገሯቸው። ይወዱዎታል። ደብረ ማርቆስ ሄደውም ሐኪም ያሳዩት።

ስለ ቃሉ የጻፉትን ክፍል ውስጥ አነበብኩት። አስተማሪዋ «አጎትሽን ማግኘት እፈልጋለሁ» አለችኝ። ኮራሁ።

እድላዊት

ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ኤልያስ

ይድረስ ለእድላዊት። እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ።

ምክርሽን አልተቀበልኩትም። ይነገራቸው ትያለሽ! አንቺ አገር ሰው ደከመኝ ብሎ ወንበር ይለቅና ጡረታ ይወጣ ይሆናል። እኔ ወንበሩን ብለቅ የምሄድበት ቤት ያው የምተኛበት ጎጆ ነው። ዳግመኛ እንዳታነሽብኝ።

ራዲዮው ደርሷል፤ እጅሽ ይባረክ። ችግርም አመጣብኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ጆሮዬ ላይ ለጥፌው በደንብ እንደሚያዳምጥ ሰው ራሴን እየነቀነቅሁ ተቀምጫለሁ። ትልቁ ተማሪዬ አካለ ወልድ ቀስ ብሎ መጣና ከእጄ ላይ ወስዶ ነካ ነካ አድርጎ መለሰልኝ። ለካ ጣቢያ ሳይይዝ ኖሮ እንዲሁ ሲያንሾካሹክ የቆየውን ነው ራሴን የምነቀንቅለት! አካለ ወልድ ጎንበስ ብሎ ሄደ። ያ ዝምታው ከስድብ ይልቅ አመመኝ።

የብርጓል ደብረ ማርቆስ ወስዳኝ ሐኪም አይቶኛል። የሚያስፈልገኝ ጆሮ ላይ የሚደረግ መስሚያ ነው ብሎ ወረቀት ሰጠ፤ ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እንድትልኪ አላዝሽም። ነገር ግን ወረቀቱን ልኬልሻለሁ።

አጎትሽ

ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣ ስለተቆጡኝ ደስ አለኝ። የሚቆጣኝ ሰው አጥቼ ነበር።

መስሚያው ይኸው። ሐኪሙ የጻፈውን እዚህ አሳይቼ ነው ያስመረጥኩት። ባትሪውን ማታ ማታ ያውጡት፣ ውኃ አያስነኩት። ቆብዎ ዝቅ ካለ ማንም አያየውም። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ይጮህብዎታል፤ ይታገሡት፣ ይለመዳል ብለውኛል።

አድርገው የሰሙትን የመጀመሪያ ነገር ይጻፉልኝ። ምንም ይሁን፤ ይጻፉልኝ።

እድላዊት

የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ኤልያስ

ይድረስ ለልጄ ለእድላዊት። እኔ እንድሰማ ያደረግሽውን ፈጣሪ ጸሎትሽን በመስማት ይክፈልሽ።

መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ጋቢ ነው። ትከሻዬን ባነቃነቅሁ ቁጥር ጭድ የሚረገጥ ይመስል ይንሿሿል። ይህ ሁሉ ሲንሿሿብኝ ነው የኖርኩት? ከዚያ ወፍ ሰማሁ። ከዚያ ጎረቤቴ ጤናዬ በሬዋን ስትሳደብ ሰማሁ፤ አፏ እንዲህ የሰላ መሆኑን ረስቼው ነበር። ብቻዬን ጎጆዬ ውስጥ ተቀምጬ ሳቅኩ፣ ሳቄንም ሰማሁት።

ከዚያ ግን ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

የዐቢይ ጾም ስለደረሰ ልጆቹ ጾመ ድጓ እየከለሱ ነው። አንዱ የምኩራብን ሳምንት ጀመረ። አንድ ስፍራ ላይ ድምፁ ርክርክ ብሎ እየተንጠባጠበ መውረድ አለበት። ልጁ እዚያ ሲደርስ ቁርጥ አደረገው። መቋሚያዬን መታሁ። ደገመ፤ ቁርጥ። ሌላውን ጠራሁ፤ ቁርጥ። ሁሉንም ባስዜም ሁሉም ያንኑ ስፍራ በአንድ ልብ ይቆርጡታል። አንድ ሰው ቢስት ስሕተት ነው፤ ሁሉም እኩል ከሳቱ ግን ያስተማራቸው ሰው አለ።

አካለ ወልድን ለብቻው ጠራሁት። «ይህን ከየት አመጣችሁት?» አልኩት።

«ከእርስዎ ነው የኔታ» አለኝ። «ታረቀ ትምህርቱን ጨርሶ ሊያስመሰክር ሲቀርብ እዚህ ላይ ሳል ያዘውና ቆረጠው። እርስዎ መቋሚያዎን ከፍ አድርገው እለፍ አሉት። ታረቀም የኔታ ያጸደቁት መንገድ ነው ብሎ ያዘው፤ እኛም ያዝነው።»

«መጽሐፉ ላይ ምልክቱ አለ አይደለም?»

«አለ። ግን የኔታ ያሳለፉትን መጽሐፍ ይመልሰዋል?»

ጠየቅሁት፤ «አካለ ወልድ፣ ጆሮዬ እንደደከመ ታውቁ ነበር?»

አንገቱን ደፋ። «እናውቃለን የኔታ። ግን አባቶች በልባቸው ይሰማሉ ብለን ነው።»

እድላዊት፣ ምን ልበልሽ? ደንቆሮ መሆኔን አውቀው አልተበተኑም። ያን ፈርቼ የኖርኩት በከንቱ ነበር። ነገር ግን አክብረውኝ አንድ ሳል ዜማ ሆነ። ታረቀ አሁን ደምበጫ አጠገብ የራሱን ወንበር ዘርግቷል፤ ያንን ሳል ለሕፃናት እያስተማረ ነው። እነዚያ ሕፃናት ነገ መምህራን ይሆናሉ። «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት» የሚባለው ለካ ለእኛ ነው።

የእኔዎቹን አርሜአለሁ። የታረቀ ግን ጨንቆኛል። ሄጄ ካልነገርኩት ስሕተቱ ይኖራል። ከነገርኩት ደግሞ ይስማው ሳይሰማ ያስመሰክር ነበር ተብሎ ስሜም ያስመሰከርኳቸው ልጆች ስምም ይወድቃል።

ምን ትያለሽ?

ይስማው

የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣ ይህ ደብዳቤ ቶሎ እንዲደርስዎ የብርጓልን በስልክ ፎቶ ልኬ እንድትገለብጠው ለምኛታለሁ።

አይሂዱ። ለታረቀ በአንድ ሰው በኩል «እዚህ ላይ ርክርክ ይሻላል» ብለው ይላኩበትና በቀስታ ይታረም። ለምን እንደሆነ ማን ይጠይቃል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ወንበሩን ካጡ እንደኔ ይሆናሉ። ሰው የሌለበት ቤት ምን እንደሚመስል እኔን ይጠይቁኝ። ቁልፉን በር ውስጥ ስከት የሚሰማኝ የቁልፉ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም እንዳያመልጠኝ ቀስ ብዬ ነው የማዞረው። ለእርስዎ ይህን አልመኝም። ስለ እናቴ ብለው አይሂዱ።

እድላዊት

መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ኤልያስ

ይድረስ ለልጄ ለእድላዊት። የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምሽ።

የብርጓል የገለበጠችው ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከደምበጫ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢደርሰኝ እሰማሽ ነበር ብዬ እፈራለሁ። ስለ ቁልፉ የጻፍሽውን ሦስተኛ ጊዜ ማንበብ አቃተኝ።

ከመሄዴ በፊት ወንበሩን ለአካለ ወልድ ለቀቅሁ። ለደብሩ አለቃም ምክንያቱን ሳልሸሽግ ተናገርኩ። አለቃው ጢማቸውን እየነካኩ «መሪጌታ፣ ይህን ባይነግሩኝ ይሻለኝ ነበር» አሉኝ። አሁን ልጆቹ ጠዋት ወደ አካለ ወልድ ይሄዳሉ። እኔ ጎጆዬ በር ላይ እቀመጣለሁ። ሲያልፉ እጅ ነሥተውኝ ያልፋሉ፤ ማንም ግን ፊቴ ተቀምጦ አፉን አይከፍትም። የመጀመሪያው ቀን ከሁሉ ከበደኝ። ማንም የማይሻውን መቋሚያዬን ይዤ ተቀምጬ ቀረሁ።

እስከ አስፋልቱ በጋሪ ሄድኩ፣ ከዚያ ሚኒባስ አገኘሁ። ሾፌሩ «አባ፣ መንገዱ ጸጥ ያለ አይደለም፣ ምን አስቸኮለዎት?» አለኝ። «ዜማ ተሰብሮብኝ» ስለው እንደ ጤነኛ ሰው አላየኝም።

ታረቀ ዋንዛ ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሕፃናቱ መሬት ላይ ናቸው። ሲያየኝ ከወንበሩ ዘሎ ወረደና ጉልበቴን ሳመ፤ «የኔታ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበሩን አቀረበልኝ። «ዛሬ የመጣሁት ተማሪ ሆኜ ነው» ብዬ ከሕፃናቱ መካከል ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቀልድ መሰለውና ሳቀ። ጾመ ድጓ እንድል ፍቀድልኝ ስለው እየሳቀ ተመልሶ ተቀመጠ። ምኩራብን ጀመርኩ። ያ ስፍራ ላይ ስደርስ እንደ ሥርዓቱ ርክርክ አድርጌ አወረድኩት።

መቋሚያውን መሬት ላይ መታ።

ጸጥ አልኩ። እሱ በእፍረት ፊቱ ቀላ። «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እጄ ነው የመታው» አለ። «ግን እዚህ ላይ ይቆረጣል። ራስዎ ነዎት የሰጡኝ።»

«አልሰጠሁህም፣ ታረቀ» አልኩት። «አልሰማሁህም ነበር።»

ሕፃናቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ቆቤን ከፍ አድርጌ መስሚያውን አሳየሁት፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም ነገርኩት። ያስመሰከረበት ቀን ያየሁት ጉሮሮውን ብቻ እንደነበር፣ ሳሉን እንኳ ሳል መሆኑን እንዳላወቅሁ ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከወንበሩ ወረደ። ሕፃናቱን «ለዛሬ ይበቃችኋል» ብሎ ወደ ቀለባቸው ሰደዳቸው። ከዚያ ፊቴ እግሩን አጥፎ መሬት ላይ ተቀመጠና «እንግዲያስ ይስሙኝ የኔታ» አለ። ከጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ከዘወረደ፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀመረ።

እድላዊት፣ ምኩራብ ብቻ አልነበረም። ቅድስት ላይ አስቆምኩት። መጻጉዕ ላይ አስቆምኩት። ደብረ ዘይት ላይ አስቆምኩት። ፀሐይዋ ከዋንዛው ጀርባ ወረደች፣ ከብቶቹ ገቡ፣ እሱ ያዜማል፣ እኔ መቋሚያዬን እመታለሁ። በመታሁ ቁጥር ቀና ብሎ ያየኝና «ይህንንም አልሰሙኝም ነበር?» ይለኛል።

«አልሰማሁህም ልጄ» እለዋለሁ።

መልሶ ይጀምራል።

አጎትሽ ይስማው